ብሉቤል፦ ከዛፎች ቀድማ የምትነቃው አበባ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቁመታችሁ ከጉልበት በታች ቢሆን፣ ከበላያችሁ ደግሞ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ቢኖሩ፣ የፀሐይ ብርሃን ከየት ታገኛላችሁ?

በብሪታንያ ጫካዎች የምትበቅለው ብሉቤል የተባለች ሰማያዊ አበባ ይህን ችግር የፈታችው ቀድማ በመነሳት ነው። እዚያ አገር እንደ ኦክ ያሉ ዛፎች በቅዝቃዜው ወራት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ፀደይ ሲገባ፣ ዛፎቹ አዲስ ቅጠል አውጥተው የጫካውን ጣሪያ እስኪዘጉት ድረስ ብርሃን እስከ መሬት ይወርዳል። ብሉቤል በደንብ የምትጠቀምበት ጊዜ ይኸው ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ብቻ።

ታዲያ እንዴት ትደርሳለች? ምስጢሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። እዚያ የሽንኩርት ራስ የመሰለ የምግብ ጎተራ አላት። እኔ የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ ባትሪ ብዬ ባስበው ይቀለኛል። አምና የተሞላው ባትሪ ዘንድሮ ቅጠልና አበባ ያወጣል። ቅጠሎቹ ደግሞ ልክ እንደ ሶላር ፓነል ብርሃን እየተቀበሉ፣ በብርሃን አስተጻምሮ ስኳር እየሠሩ ለከርሞ ይሞሉታል። ጣሪያው ሲዘጋ ቅጠሎቹ ቀስ በቀስ ይጠወልጋሉ፤ ባትሪው ግን አፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል።

አሁን አንድ ሰው ፎቶ ለመነሳት ከመንገዱ ወጥቶ ቢረግጣትስ? የሚጎዳው አበባው ብቻ አይደለም። ቅጠሎቹ ከተጨፈለቁ ምግብ መሥራት ያቅታቸዋል፤ ባትሪው ሳይሞላ ብርሃኑ ይሄዳል። በአዲስ መተካቱም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከዘር ተነስታ እስክታብብ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል።

በፈረንጆቹ 1981 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ የዱር ተክልን ከነሥሩ መንቀልን ይከለክላል። ከ1998 ወዲህ ደግሞ ከዱር የተነቀለ ብሉቤል መሸጥም ክልክል ነው። ለፎቶ የሚረግጣትን እግር ግን የሚያስቆመው የእግሩ ባለቤት ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚያ የምትኖሩ ወይም የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ፣ አፕሪል መጨረሻ ላይ ጫካ ግቡ። ከመንገዱ ሳትወጡ ጎንበስ በሉና እዩ፤ የአገሬው ብሉቤል አንገቷን ወደ አንድ ወገን ደፋ ታደርጋለች። ከዚያ ቀና በሉ። በቅርንጫፎቹ መሀል ስንት ሰማይ ይታያችኋል? ለብሉቤል የቀራት ጊዜ እሱ ነው።