ለከፍተኛ ትምህርት የሚደረግ ዝግጅት መቼ ይጀመር?

ጥር ላይ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ በብዙ አርሶ አደር ቤት ስለ ማዳበሪያ ዕዳና ከተማ ቤት ተከራይቶ ስለሚማረው ልጅ ወጪ ይመከራል። ልጁ 12ኛ ክፍል ከደረሰ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ይገባ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህ ጥያቄ ግን መነሣት የነበረበት ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተሰጡ ትምህርቶችን ይሸፍናል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ይህን ያሟሉት 5 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ9ኛ ክፍል የተዘለለ ሒሳብ በመጨረሻዎቹ ወራት ጥናት በቀላሉ አይካካስም።

9ኛና 10ኛ ክፍል መሠረት የሚጣልባቸው ናቸው። እንግሊዝኛና ሒሳብ በተፈጥሮም ሆነ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሚፈተኑ ቅድሚያ ይሻሉ። በትምህርት ማስረጃው፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑንም በዚሁ ጊዜ ማረጋገጥ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግብርና ኮሌጅ ለመመዝገብ ሲሄድ፣ በማስረጃው ላይ የአያቱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ በመገኘቱ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ሁለተኛው ጉዞ የተሸፈነው በበግ ሽያጭ ነበር።

11ኛ ክፍል ዘርፍ የሚመረጥበት ነው። ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይም ግብርና የሚያስብ ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስን፣ ሕግ የሚያስብ ደግሞ ማኅበራዊ ሳይንስን ይመርጣል። ምርጫው የጓደኛን መንገድ በመከተል ሳይሆን በተማሪው ውጤትና ዝንባሌ ሊመራ ይገባል።

በ12ኛ ክፍል ትልቁ ፈተና የጊዜ ነው። ባለፉት ዓመታት ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ይህም የእርሻና የጤፍ ዘር ወቅት ነው። በዚያ ሰሞን የልጁን ጉልበት በወንፈል ወይም በደቦ የሚተካ ቤተሰብ ለጥናቱ ጊዜ ይሰጠዋል።

ገንዘቡም ቀድሞ መታሰብ አለበት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ድርሻውን የሚከፍለው ከተመረቀ በኋላ ነው። መጓጓዣ፣ ልብስና የኪስ ገንዘብ ግን ከቤት ይወጣሉ። እህል በመኸር ይረክሳል፤ በክረምት ይወደዳል። ስለዚህ ጥር ላይ ሁሉንም ከመሸጥ ለጉዞው የሚሆን ጥቂት ማቆየት ይመረጣል።

ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ተማሪም መንገዱ አይዘጋበትም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ እንደ ወረታና ኮምቦልቻ ያሉ የግብርና ኮሌጆችም አሉ። የእነርሱም ምዝገባ የተሟላ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ጊዜውም አጭር ነው።

ልጃቸው 9ኛ ክፍል የሚማር ወላጆች ለገበያ በወጡበት ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ብለው፣ የክፍል ኃላፊውን መምህር የእንግሊዝኛና የሒሳብ ውጤቱን ቢጠይቁ ዝግጅቱ ተጀመረ ማለት ነው።