የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ቤንዚን ሲያፈስ ምን መደረግ አለበት?

በስንዴው ላይ ዋግ ታየ ተብሎ ገበሬው የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ሲጠብቅ፣ ሞተር ሳይክሉ ቤንዚን እያፈሰ ከቆመ የሚዘገየው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ምክሩም ጊዜው ያልፍበታል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ፣ ከዚያም ወደ አልዩ አምባ ቆላ የሚወርድ ሠራተኛ መካኒክ በቅርብ አያገኝም። በመሆኑም ይህን ችግር ራሱ መርምሮ መለየት ይኖርበታል።

ካርቡሬተር እንዴት እንደሚሠራ

በውኃ ታንከር ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ያየ ሰው የካርቡሬተርን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ ቤንዚን ሲሞላ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣም አንዲት ትንሽ መርፌ ገፍቶ የቤንዚኑን መግቢያ ይዘጋል። መርፌዋ በሚገባ ካልዘጋች ቤንዚኑ መውረዱን ይቀጥላል፤ ትርፉም በማውረጃው ቱቦ ወደ መሬት፣ አንዳንዴም ወደ ሞተሩ ውስጥ ይፈሳል።

ሁለቱን ችግሮች እንለይ

በደጋው አገር ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚን በአንጻሩ ይበዛል። ስለዚህ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ቢያወጣና ካንዴላው ጥላሸት ቢይዝ፣ ነገር ግን ከቱቦው ምንም የማይንጠባጠብ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ አላፈሰሰም። በዚህ ጊዜ መመርመር ያለበት በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ወይም በብርዱ ጧት ተስቦ ሳይመለስ የቀረ ቾክ ነው። ለደጋው ተብሎ የቤንዚን መርጫውን በትንሽ ቀዳዳ መቀየር የሚቻል ቢሆንም፣ ያው ሞተር ሳይክል ወደ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሠራተኛ ይህን አንመክርም።

ሞተሩ ጠፍቶም ሆነ እየሠራ፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ከቱቦው ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን በእርግጥ እያፈሰሰ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ በወለል ላይ እየተሳበ ራቅ ብሎ ያለ ኩራዝ ወይም ምድጃ ዘንድ ይደርሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ ይተናል። የሚያፈስ ሞተር ሳይክል ዘርና ማዳበሪያ በተከማቸበት የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ፈጽሞ አይቁም። ሥራው በደጅ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ይከናወን፤ በአቅራቢያው ሲጋራ አይጨስ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ከታንከሩ ሥር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ (ሩቢኔቶ) መዝጋት።

2. ቋቱን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግና ሩቢኔቶውን እንደገና መክፈት። መርፌዋ በቆሻሻ ተይዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚህ ትለቃለች።

3. መንጠባጠቡ ካላቆመ ሩቢኔቶውን ዘግቶ፣ የቋቱን ቤንዚን በዕቃ መቀበል። ከሥሩ አሸዋ፣ ዝገት ወይም ውኃ ከታየ መነሻው ታንከሩ ወይም ጄሪካኑ ነው።

4. ቋቱን ፈትቶ የመርፌዋን ጫፍ መመልከት። ጫፏ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት ካበጀ ትለወጥ። መቀመጫዋ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ።

5. ተንሳፋፊውን ከጆሮ አስጠግቶ መነቅነቅ። የቤንዚን ድምፅ ከተሰማ ተበስቷል ማለት ነው፤ ይለወጥ። መርፌዋን የሚገፋውን ምላስ በግምት ማጣመም አይገባም፤ ልኩ በሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል።

6. ከተገጠመ በኋላ ሩቢኔቶውን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፤ ካልንጠባጠበ ሥራው ተጠናቋል።

ሞተሩን ከማስነሣት በፊት

ባለአራት ምት ሞተር ሌሊቱን ሲያፈስስ አድሮ ከሆነ ቤንዚኑ ከሞተሩ ዘይት ጋር ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከልኩ በላይ ከሆነ፣ ሳይለወጥ ሞተሩ አይነሣ። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላል፤ የመርፌ ዋጋ የነበረው ጥገናም የሞተር ዋጋ ይሆናል። እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያሉ ባለሁለት ምት ሞተሮች ግን ቤንዚኑን በሥራቸው ያቁራሉ። በዚህ ጊዜ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ካንዴላው ወጥቶ፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ማስነሻው ብዙ ጊዜ ይረገጥ። የካንዴላው ኮፍያ ከቀዳዳው ይራቅ።

ችግሩ እንዳይደገም

ሞተር ሳይክሉ በቆመ ቁጥር ሩቢኔቶው ይዘጋ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ጉዳት ያድናል። በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ብናኝ በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይሞላ። አቧራ በበዛበት መንገድ የሚሄድ ሞተር ሳይክል የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ይጽዳ። ማኅበራትም አንድ መርፌና የቋት ጓርኒሲዮን በመጠባበቂያነት ቢይዙ፣ ሠራተኛው ዕቃ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ ሲመላለስ የሥራ ቀን አይባክንም።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በቤንዚን ዘንድ ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ጠብታዋ በታየችበት ዕለት ሩቢኔቶውን የዘጋ ሠራተኛ ሞተሩንም መጋዘኑንም አዳነ።