የአራዊትን ፊት ከልጆች ጋራ በቤት ስለ መሥራት

በአገራችን ሕፃን ሲያለቅስ ወይም አልተኛም ሲል ዝም ለማሰኘት እጅግ የተለመደው ብልኀት «አያ ጅቦ መጣልህ» ማለት ነው። ይህ ቃል ከሞግዚት አፍ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ እኛም ራሳችን ከጽሕፈት ሥራ ደክመን በገባንበት ማታ ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል። ሕፃኑ በእውነት ዝም ይላል፤ እኛም መልካም ሥራ የሠራን መስሎን ወደ መኝታችን እንሄዳለን። ባለፈው ክረምት ግን የ6 ዓመት ልጃችን ጅብ ከወንዙ ማዶ በጮኸ ቍጥር እየባነነች እንቅልፍ አጣች፤ በመሸ ጊዜ ከደጅ መውጣትንም እንቢ አለች። ባለቤታችንም «ፍርሀቱን ያስገቡባት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ያውጡላት» አለችን።

ነገሩን ብናስበው፥ ልጂቱ የምትፈራው ጅብ ከቶ አይታው የማታውቀው ጅብ መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ፊቱን በገዛ እጇ ትሠራው ዘንድ ቈረጥን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ከአሮጌ ጋዜጣና ከዱቄት ፊት መሥራትን ተምረን ነበር። ሥራው በፈረንሳይኛ ፓፒዬ ማሼ ይባላል፤ ትርጓሜውም የታኘከ ወረቀት ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ከማንም ቤት አይታጣም። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በ5 ሲኒ ውሃ በጥብጦ፥ እንዳይጓጕል እያማሰሉ፥ በለዘብተኛ እሳት እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪወፍር ድረስ ማብሰል ነው፤ ጥቂት ጨው ቢጨመርበት ቶሎ አይሻግትም። ጎድጓዳ ሳሕን ወይም የተከፈለ ቅል በአፉ ተደፍቶ ጀርባው በዘይት ይታሻል። ጋዜጣው 2 ጣት ያህል ስፋት እየሆነ ይቀደዳል፤ በመቀስ ከተቈረጠው ይልቅ በእጅ የተቀደደው ጠርዙ ስለሚሳሳ አንዱ በሌላው ላይ ደኅና ይጣበቃል። ከዚያም በሙጫው እየነከሩ አንዱን አግድም አንዱን ቍልቍል እያደረጉ 4 ድርብ መለጠፍ ነው። (የመሥሪያ ቤት ወረቀት ግን፥ አሮጌም ቢሆን፥ ለዚህ ሲባል ወደ ቤት አይመጣም፤ ይህን ለባልንጀሮቻችን ለጸሐፊዎች እንናገራለን።)

በበጋ 2 ቀን ካደረ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እኛ ቸኵለን ወደ ምድጃው ስላስጠጋነው የመጀመሪያው ተጣሞ ጠቈረ። ሁለተኛውን መሬት ላይ ብንተወው አይጥ የዱቄቱን ሽታ ተከትላ አገጩን በላችው። ሦስተኛው በገመድ ከጣራው ወጋግራ ላይ ተሰቀለና በ5ኛው ቀን ደኅና ሆኖ ወረደ።

ጆሮውን ከካርቶን ልንቈርጥ ስንል ልጂቱ «ሹል ይሁን» አለች፤ በልቧ ያለው ጅብ እንደ ውሻ ያለ ነበርና። ታላቅ ወንድሟ ስለ አራዊት የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ አምጥቶ ገለጠልን። በሌሊት ጩኸቱን ስንሰማው የምንኖረው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ጆሮው ክብ ነው፤ ጆሮው ሹል የሆነው ባለ ሽንትሩ ጅብ ነው። እኛ ከ40 ዓመት ያለፍን ሰዎች ይህን አናውቅም ነበር። ደግሞም በባለ ነጠብጣቡ ጅብ መንጋ ውስጥ ሴቲቱ በጕልበት ወንዱን እንደምትበልጥ፥ የመንጋውም አለቃ እርሷ እንደ ሆነች ሲነበብላት፥ ልጂቱ «እንግዲያ አያ ጅቦ ሳይሆን እትዬ ጅቦ ናታ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሟ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ዓይን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ሲሣሉ ኃጥኣን በጐን፥ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ይህን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ስንመለከት ኖረናል። በአራዊት ዘንድ ግን ሥርዐቱ ሌላ ነው። አድነው የሚበሉት፥ አንበሳም ነብርም ጅብም ድመትም፥ ርቀትን ይመጥኑ ዘንድ ሁለቱ ዓይኖቻቸው ወደ ፊት ይመለከታሉ። የሚታደኑት፥ አህያም በግም ሚዳቋም፥ ከኋላ የሚመጣባቸውን ያዩ ዘንድ ዓይናቸው በግራና በቀኝ ነው። የፍየል ብሌን ደግሞ እንደ ስንጥቅ አግድም የተኛ ነው። ልጆቻችን ይህ እውነት እንደ ሆነ ለማረጋገጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ወደ ጐረቤት በረት ሮጡ።

ለጅቧ ዓይን ሁለት የቡና ፍሬ፥ ለጥርሷ የዱባ ፍሬ ተለጠፈላት። በየጓሮው የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ለዓይን የተመቸ ቢመስልም መርዝ ስላለበት ከልጅ እጅ አይግባ። ገና አፉን የማይቈጣጠር ሕፃን ባለበት ቤትም ማናቸውንም ፍሬ ከአጠገቡ ማራቅ ይገባል። ፊቷ በቡና አተላ ተቀባ፥ አፍንጫዋ በከሰል ጠቈረ። ነጠብጣቡን ልጂቱ አውራ ጣቷን በከሰል ዱቄት እየነከረች፥ ውል እንደሚፈርም ባላገር፥ ራሷ አተመችው። መጽሐፉ ነጠብጣቡን በአንገትና በጐን ቢያሳይም እርሷ በግንባር ላይም ጨመረች፤ በዚህ አልተከራከርናትም።

ሌሎቹን አራዊት ለመሥራት ብዙ አያደክምም። የአንበሳው ጋሜ ከቃጫ፥ ቢጫውም ከእርድ ይሆናል፤ የጕሬዛን ጥቍር ፊት ዙሪያውን ነጭ ጥጥ መክበብ ነው።

በሥራ የምትደክሙ አባቶች «ይህስ የሞግዚት ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል፤ እኛም ብለን ነበር። ነገር ግን የእርሷም የእኛም እጅ በሙጫ እንደ ተጨማለቀ ልጂቱ ቀና ብላ «አባባ፥ ሳለቅስ ጅብ እውነት ይሰማኛል?» ብላ ጠየቀችን። ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ መዋሸታችንን መናገር ያስፈልግ ነበር። በፊቷ አፈርን፤ ሆኖም ተናገርን። ልቅሶ ሰምቶ የሚመጣ ጅብ እንደሌለ፥ ይህም ከእኛ አፍ የወጣ ሐሰት እንደ ሆነ ነገርናት። ጅብ አይጐዳም ግን አላልናትም፤ በረት በደንብ የሚዘጋው በምክንያት ነውና። በሐረር ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብን በስም እየጠሩ ሥጋ የሚያጐርሱ ሰዎች እንዳሉ ስናወራላት ሥራዋን ትታ አዳመጠችን።

እትዬ ጅቦ ከመኝታ ቤቱ በር በላይ ተሰቀለች። በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት ከወንዙ ማዶ ጩኸቱ ተሰማ። ልጂቱ ነቅታ ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «አባባ፥ የዚችኛዋም ጆሮ ክብ ነው?» አለች። «ክብ ነው» አልናት። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።