መና፦ በረከትም፣ ባዶም

«መና» የምንለውን ቃል ለሁለት የማይገናኙ ነገሮች እንደምንጠቀምበት አስተውላችኋል? ሳይታሰብ የተገኘ ሲሳይ «ከሰማይ የወረደ መና» ይባላል። የደከምንበት ነገር ሜዳ ላይ ሲቀር ደግሞ «ልፋቴ መና ቀረ» እንላለን። አንዱ በረከት፣ አንዱ ባዶ።

የበረከቱ መና ከኦሪት የመጣ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤላውያን የበረሃውን መሬት የሸፈነ ደቃቅ ነገር አዩና በዕብራይስጥ «ማን ሁ?» ተባባሉ፤ «ይህ ምንድን ነው?» እንደማለት ነው። ጥያቄው ራሱ የምግቡ ስም ሆኖ ቀረ። መልኩ እንደ ድንብላል ፍሬ ነጭ፣ ጣዕሙም እንደ ማር እንጎቻ ነበር ይላል መጽሐፉ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ደግሞ መናው የተቀመጠበት የወርቅ መሶብ የእመቤታችን ምሳሌ ነው።

ይህ ምግብ ታዲያ አንድ ሕግ ነበረው፦ አይከማችም። ከሰንበት ዋዜማ በቀር ካደረ ይተላል።

ወደ ዲላና ጌዴኦ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የጌዴኦ ምግብ መሠረቱ እንሰት ነው። እንሰት ተተክሎ ለዓመታት ይጠበቃል፤ ሲደርስ ሴቶች ይፍቁታል፤ በቅጠሉ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ቆጮው ለወራት፣ ሲያስፈልግም ከዓመት በላይ ይቆያል። ያኛው ከሰማይ ይወርዳል፣ ይኼኛው ከጉድጓድ ይወጣል። ያኛው ለዕለት፣ ይኼኛው ለክፉ ቀን። ቡናና እንሰት ከዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበትን ይህን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ዓመታት የጠበቀውን እንሰት ጓሮው ትቶ የወጣ አባወራ የእርዳታ ዱቄት ወረፋ ያዘ። ለእኔ ሁለቱ መናዎች የተገናኙት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው፤ በእጁ የተሰጠው አንዱ መና፣ ጓሮው የቀረው ልፋት ሌላው መና።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5 እንደተጻፈው፣ እስራኤላውያን የከነዓንን ምድር ፍሬ በበሉ ማግስት መናው ቆመ። ከሰማይ የሚወርደው የመንገደኛ ስንቅ ነበር ማለት ነው። እርዳታም እንዲሁ ነው፤ ደግ ነው፣ ነፍስ ያቆያል። ቤት የሚያቆመው ግን መሬቱና እንሰቱ ነው። ከቀዬው የወጣ ሰው በሰላም ተመልሶ እስኪተክል ድረስ፣ «በላ» ብለን ፋይሉን መዝጋት የለብንም።