አያመል ቢድን የሚያስታውስ ትንሽ መጫወቻ



ኮድ መጻፍ የምንለማመደው አብዛኛውን ጊዜ ለፈተና ነው። ለራሳችን የሚሆን፣ ፈገግ የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ስንሠራ ግን ትምህርቱ ቶሎ ይገባናል። ለዚህ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ይመቻል። ሪቻርድ ስታልማን ጂኤንዩ ኢማክስን እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ አደረገ። በነፃ ይገኛል፤ ሊስፕ በተባለ ቋንቋም እንደ ፍላጎታችን እንለውጠዋለን። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ አምቦ ግቢም ሆነ ለዕረፍት ጊንጪ ወይም ጌዶ ስንሄድ ያገለግለናል።

የግዕዝ ፊደል መጻፊያ፣ የኢትዮጵያና የሂጅራ አቆጣጠርም አብረውት ይመጣሉ። የቀን መቁጠሪያውን ከፍተን ፒ ቀጥሎም ኢ ስንጫን የኢትዮጵያውን፣ ፒ ቀጥሎም አይ ስንጫን የሂጅራውን ቀን ይነግረናል።

እንግዲህ ስክራች በተባለው ገጽ ላይ አጭር ትእዛዝ እንጻፍ። ትእዛዙ የዛሬውን የሂጅራ ቀን ይጠይቃል። መልሱ ወር፣ ቀን፣ ዓመት ተብሎ በቅደም ተከተል ስለሚመጣ ሁለተኛውን ቁጥር ይወስዳል። ቁጥሩ 12 ከሆነ «ነገ አያመል ቢድ ይጀምራል፤ ሱሑር እንዳያመልጣችሁ!» ይላል። 13፣ 14 ወይም 15 ከሆነ ሙሉ ጨረቃ ያሳያል። በሌላው ቀን ዝም ይላል። ከመጨረሻው ቅንፍ በኋላ ኮንትሮልን እንደያዝን ኤክስ ቀጥሎም ኢ ስንጫን ወዲያው ይሠራል።

ሦስት ነገር ግን እናስተውል።

አንደኛ፣ የዙልሒጃ 13ኛ ቀን ከተሽሪቅ ቀናት አንዱ ስለሆነ አይጾምም። በረመዷንም ማስታወሻው አያስፈልግም። ስለዚህ ወሩ 9 ወይም 12 ከሆነ ዝም እንዲል ቅድመ ሁኔታ እንጨምር።

ሁለተኛ፣ የሂጅራ ቀን የሚለወጠው በመግሪብ ነው። ኢማክስም ቀኑን ሲነግረን «ፀሐይ እስክትጠልቅ» የሚል ማሳሰቢያ ያክልበታል።

ሦስተኛ፣ ኢማክስ ጨረቃ አያይም፤ ያሰላል። ወሮቹን 30 እና 29 እያፈራረቀ ይቆጥራል፤ በ30 ዓመት ውስጥ ለ11 ዓመታት አንድ አንድ ቀን ይጨምራል። ስለዚህ ጨረቃ ታይታ ከሚታወጀው ቀን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊለይ ይችላል። መፍትሔው አንድ የማስተካከያ ቁጥር ማስገባትና የወሩ መግቢያ ሲታወቅ በእጃችን መለወጥ ነው።

መጫወቻው ለማስታወስ ይጠቅመናል። ረመዷንና ዒድን የምንይዘው ግን ከመጅሊሱ ማስታወቂያ እንጂ ከስክሪናችን አይደለም።