የአለት እጥፋትና ስብራት በደለል ተፋሰስ ውስጥ

የአለት እጥፋትና ስብራት በደለል ተፋሰሶች ውስጥ የሚገኙ አለቶች ከመጀመሪያ አቀማመጣቸው ሲዛቡ የሚይዟቸው ሁለት ዋና ቅርጾች ናቸው። ደለል በውሃ ውስጥ ሲሰፍር አብዛኛውን ጊዜ በአግድም ይነጠፋል። ስለዚህ ንጣፉ አዘንብሎ፣ ታጥፎ ወይም ተቆርጦ ከተገኘ ከሰፈረ በኋላ ኃይል እንዳረፈበት ይታወቃል።

አለት ይታጠፍ ወይም ይሰበር እንደሆነ የሚወስኑት የአለቱ ዓይነት፣ ጥልቀቱ፣ ሙቀቱና የኃይሉ ፍጥነት ናቸው። ለምድር ገጽ የቀረበ የኖራ ድንጋይ ሲለጠጥ ይሰበራል፤ ሼልና ጂፕሰም ግን ለስላሳ ስለሆኑ በቀላሉ ይታጠፋሉ። ስብራት ሲባል ተራ ስንጥቅ ማለት አይደለም፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት አለቶች አንዱ ከሌላው አንጻር ተንቀሳቅሰው መገኘት አለባቸው። የምድር ቅርፊት ሲለጠጥ ከስብራቱ በላይ ያለው ወገን ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሲጨመቅ ደግሞ ይኸው ወገን ወደ ላይ ይገፋል።

ብዙዎች እጥፋትን የመጨመቅ ምልክት ብቻ አድርገው ያዩታል። ይሁን እንጂ በተለጠጠ ተፋሰስም እጥፋት ይፈጠራል። ከሥር ያለው ጠንካራ መሠረት ተሰብሮ አንዱ ወገን ሲወርድ፣ ከላዩ ያለው ለስላሳ ንጣፍ በደረጃ ላይ እንደተነጠፈ ምንጣፍ በጠርዙ ላይ ይጎብጣል። ስብራቱ ወደ ላይ እያደገ ሲሄድ ንጣፉን ራሱን ይቆርጠዋል፤ የታጠፈውም ክፍል ከስብራቱ በሁለቱም በኩል ተከፍሎ ይቀራል።

በትግራይ የሚገኘው የመቀሌ ተፋሰስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብ መሰል ሲሆን ወደ 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከታች ወደ ላይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ የኖራ ድንጋይና የአጉላ ሼል ተደራርበውበታል። ንጣፎቹን ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያቀኑ የስብራት መስመሮች ይቆርጧቸዋል፤ ከእነዚህም መካከል የውቅሮ፣ የመቀሌና የጨለቆት ስብራቶች ይገኛሉ። ቀልጦ የመጣ ዶለራይትም በንጣፎቹ መካከልና በስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ ጠንክሯል።

ይህ አወቃቀር ለአካባቢው ሕዝብ የውሃ ጉዳይ ነው። መቀሌ ከተማ ከአይናለም የጉድጓድ ውሃ ትጠቀማለች። የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፤ ስብራት ሼልን ከኖራ ድንጋይ ፊት ለፊት ካመጣው ግን የውሃው መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በዚህም የተነሳ በአንድ አካባቢ የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ብዙ ውሃ ሰጥቶ ሌላው ደረቅ ሊሆን ይችላል። ግድብ ሲሠራም ሥሩ ያለው ስብራት ቀድሞ ካልተጠና የተጠራቀመው ውሃ በስንጥቁ በኩል ሰርጎ ያልቃል።