ተጠየቅ በትምህርት ቤት

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ በእግሩ የተጓዘ ሰው፥ የአራዳ ተማሪ አንደበት የለውም ብሎ ለመናገር ከቶ አይደፍርም። ልጆቹ የደንብ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፥ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው፥ አንዱ የጊዮርጊስን ቡድን፥ ሌላው የቡናን ቡድን ወግኖ ሲከራከሩ፥ ማስረጃው፥ ምሳሌው፥ ቀልዱና ሽሙጡ ሁሉ በየቦታው ይገባል። አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳያስጨርስ ይነጥቀዋል፤ ነገር ግን የተባለውን ሳይሰማ አልነጠቀውምና መልሱ ከነጥቡ አይስትም። አራዳ የሚለው ስም ራሱ ዛሬ የሰፈር መጠሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ የንቁና የአንደበተ ፈጣን ሰው ቅጽል ሆኗል።

ይኸው ልጅ በአዳራሽ መድረክ ላይ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ይህንንም ባለፈው ሰሞን በዓይናችን አየነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው የሚያስተምር ወዳጃችን፥ የተማሪዎች ክርክር ስላለ ከዳኞቹ ጋር እንድንቀመጥ ጠራን። አርእስቱ ብዙ ትውልድ የተከራከረበት፥ የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር ኑሮ የሚለው ነበር። ክርክሩ የሚደረገው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ደጋፊና ሦስት ተቃዋሚ ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሰዓት ጠባቂዋ ተማሪ ደወሏን ይዛ ከጎን ቆመች።

የመጀመሪያው ደጋፊ በከተማ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ነገረን። ተቃዋሚው ተነሥቶ፥ በገጠር ንጹሕ አየር መኖሩን ነገረን። ሁለተኛዋ ደጋፊ ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት፥ ሁለተኛው ተቃዋሚ ስለ ትኩስ ወተትና ስለ ማር አነበቡ። ሁሉም ከወረቀት የሸመደዱትን ነው የሚያወርዱት። ሆስፒታል ላለው ሰው ስለ ሆስፒታል የመለሰለት የለም፤ ስለ አየሩም የጠየቀ የለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ራዲዮ የተከፈተ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ሦስተኛው ተቃዋሚ ተነሣ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ደኅና አድርጎ ተናገረ። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ጠፋበት። ጣራውን ተመለከተ፤ ወረቀቱን በኪሱ ፈለገ፤ ወረቀቱም የለም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፥ ከዚያም አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ልጁ በአማርኛ «ይቅርታ» ብሎ ወርዶ ተቀመጠ። እኛም እንደ ሌሎቹ ዳኞች ዝቅተኛውን ነጥብ ጻፍንለት።

በምሳ ሰዓት በግቢው ስንዘዋወር ያንኑ ልጅ ከዛፍ ሥር ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፥ ደጋፊ ከነበረው ጓደኛው ጋር ሲከራከር አገኘነው። አሁን የሚናገረው በአማርኛ ነው። አያቱ ለሕክምና ከገጠር መጥተው በቤታቸው ሰንብተዋል። ጓደኛው፥ «አየህ፥ ከተማ ባይኖር ኖሮ ይሞቱ ነበር» ይለዋል። ልጁም እንዲህ ሲል መለሰ፤ «ይሞቱ ነበር ያልከውን ተቀብያለሁ። ግን ከዳኑ በኋላ ለምን አገሬ መልሱኝ ብለው አለቀሱ? በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ለቡና የሚጠራቸው ጎረቤት ስለሌለ ነው። የምንከራከረው ሰው የት ይድናል ብለን ነው ወይስ የት ይኖራል ብለን?»

ነገሩ ከልጁ ኑሮ የወጣ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የነበሩት አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ የርሱም ቤተ ሰብ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛውሯል። ከትምህርት ቤቱና ከጓደኞቹ መለየት ስላልፈለገ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት እየተነሣ በሁለት ታክሲ ይመጣል። ከተማ ማለት፥ ጎረቤት ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚያ ሁሉ ተከራካሪ መካከል በሕይወቱ የመረመረው እርሱ ነበር። የተቃዋሚውን ቃል ተቀብሎ፥ በተቀበለው ላይ ተነሥቶ መለሰ። ከአንድ ሰዓት በፊት ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠነው ለዚህ ልጅ ነው።

እንዲህ ያለው አመላለስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደጋፊና ተቃዋሚ ወገን ተለይቶ፥ ደወል እየተደወለ የሚደረገው የአዳራሽ ክርክር ሥርዓቱ ከእንግሊዞች የመጣ ነው፤ ስመ ጥሩው የኦክስፎርድ ተማሪዎች የክርክር ማኅበር የተቋቋመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1823 ነው። የእኛ አባቶች ግን ከዚያ ሳይማሩ የራሳቸው ሙግት ነበራቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ጠቡ ይቆማል። አላፊ አግዳሚውም ቢሆን ዳኛ ሆኖ እንዲያያቸው ይለመናል። ከሳሹ ነጠላውን አስተካክሎ በትሩን ይዞ «ተጠየቅ» ይላል፤ ተከሳሹም «ልጠየቅ» ብሎ ይቀበላል። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፥ በምሳሌና ቤት በሚመታ ቃል እየተዋጉ፥ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። ዛሬ ለተራ ንትርክ የምንጠራበት «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃልም የዚያው የውርርዱ ትዝታ ነው።

በዚህ ሙግት ከወረቀት ማንበብ አይታሰብም፤ ወረቀት ያለው ሰውም ጥቂት ነበር። የተጠየቀውን ትቶ ሌላ የሚያወራውን ሰው ክብ ሠርቶ የቆመው አድማጭ ወዲያው ያውቅበታል። ስለዚህ ተሟጋቹ ከመናገሩ ይልቅ በማድመጡ ይደክም ነበር። ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ እናወድሳለን ማለት አይደለም። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ በቅሎ የሌለውም ሰው በበቅሎ ሊወራረድ አይችልም። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ፥ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጡ ነገሩ ወደ ጽሑፍና ወደ ማስረጃ መዞሩ ለድኻው የሚጠቅም ብዙ ነገር ነበረው። የሚያሳዝነው ከበቅሎው ውርርድ ጋር ማድመጡንም አብረን መጣላችን ነው።

አራዳም ራሷ የንግግርን ዋጋ የምታውቅ ሰፈር ናት። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የኢጣልያ ጦር በድንበር ላይ ሲከማች፥ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የአገር ፍቅር ማኅበርን አቋቁመው ሕዝቡ እየተሰበሰበ ስለ ነጻነቱ ንግግርና ዘፈን እንዲሰማ አደረጉ። ወረራው የተጀመረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነውና፥ ያን ንግግር ከሰሙት ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ጦር ሜዳ የሚዘምቱ ነበሩ። ዛሬ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቀው በአገር ፍቅር ቴያትር በር የሚያልፍ ተማሪ፥ ቤቱ ከቴያትር በፊት በንግግር የተጀመረ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።

እንግዲህ የቋንቋው ነገር ይነሣል። ይህ ብዙ ሰው የማይስማማበት ነው፤ እኛ ግን የምናስበውን እንናገራለን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ክርክሩም በእንግሊዝኛ ይሁን የሚሉ መምህራን ምክንያት አላቸው። ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፥ ከውጭ አገር ሰው ጋር ይነጋገራል። ስለ ግሪካዊው ተናጋሪ ስለ ዴሞስቴኔስ የሚተረከውን ታሪክ የሰማ ሁሉ፥ አንደበቱን ለማፍታታት ጠጠር በአፉ ይዞ ይለማመድ እንደ ነበር ያውቃል። ለእኛ ተማሪ እንግሊዝኛው ራሱ ጠጠር ነው። ልምምድ ነውና ጠጠሩን ይያዝ አንቃወምም። ነገር ግን ዴሞስቴኔስ በአቴና ሕዝብ ፊት ሲቆም ጠጠሩን ተፍቶ ነበር። የእኛ ተማሪ ግን ጠጠሩን በአፉ እንደ ያዘ ይፈረድበታል፤ ጠጠር በሌለው አፉ የሚናገርበት ቀን አይሰጠውም።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ፥ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞክረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዘመን የዓለም ጉባኤ ቋንቋ የነበረውን ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፤ ንግግራቸውን ያደረጉት ግን በአማርኛ ነው። ስለ ዘመናቸው የተለያየ አስተያየት ያላቸው ሰዎች እንኳ በዚያ ቀን ስለ ተናገሩት ንግግር ብዙ አይለያዩም።

አንዳንድ አንባቢ፥ የትምህርት ቤት ክርክር የልጆች ጨዋታ ነው፥ ይህን ያህል ምን ያስጽፋል ይል ይሆናል። በተለይ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ቀጥሎ ያለውን ብታነቡት ደስ ይለናል። ለጓደኞቻችን እንኳ ያልነገርነው ነገር ነው።

እኛ በተማሪነታችን በመድረክ የታወቅን ነበርን። ብዕር ከጦር ይበልጣል ብለን ሸምድደን ተናግረን ጭብጨባ ተቀብለናል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን በመጀመሪያ በተቀጠርንበት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን አንድ ፋይል ጠፋ። ስብሰባ ተደረገ። የክፍሉ ኃላፊ፥ ፋይሉን ያጠፉት በዕድሜ የገፉት ተላላኪ ናቸው አሉ። ሽማግሌው በበሩ አጠገብ ቆመው፥ «እኔ አድርሻለሁ ጌታዬ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። እኛ ግን ፋይሉን በዚያው ጧት በራሳቸው በኃላፊው ቁም ሣጥን ውስጥ፥ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አይተነዋል። መናገር ያለብን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። በአእምሮአችን አዘጋጀነው፤ አስተካከልነው፤ «ክቡር ሰብሳቢ» ብለን እንጀምር ወይስ በስማቸው እንጥራ እያልን ስናወጣ ስናወርድ፥ ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። በሽማግሌው ላይ የአምስት ቀን ደመወዝ ተቆረጠ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚልም አለ። የሁለተኛው ተረት ባለቤት የቀረበት ለራሱ ሹመት ነው፤ በእኛ ዝምታ የቀረው ግን የሌላ ሰው እንጀራ ነበር። ያ ሁሉ ሽምደዳ፥ ያልተዘጋጀንበት አንድ እውነት በሚያስፈልግበት ሰዓት ጥቂት እንኳ አልረዳንም።

ስለዚህ ለወዳጃችን ለመምህሩ በዚያው ቀን ሁለት ነገር ነገርነው። ከሁለቱ ዙር አንዱ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። በሁለተኛውም ዙር ወረቀት ይከልከል፤ ተናጋሪውም አፉን የሚከፍተው ባላጋራው የተናገረውን ደግሞ፥ «ይህን ብለሃል» ብሎ ይሁን፤ ባላጋራው «አዎን፥ እንዲህ ብያለሁ» ካላለ ነጥብ አያግኝ። መምህሩ ሳቀና፥ «ይህማ ተጠየቅ ልጠየቅ ነው» አለን። ሰዓቱ እንደማይበቃ፥ ርእሰ መምህሩም እንደሚጠይቁት ነገረን። ሆኖም ለሚቀጥለው ክርክር እሞክረዋለሁ ብሎናል።

ከመሄዳችን በፊት ያንን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ለብቻው ጠርተን የፋይሉን ነገር አጫወትነው። በመድረክ ላይ ቃል የሚጠፋው በርሱ ብቻ አለመሆኑን ነግረን ልናጽናናው አስበን ነበር። እርሱ ግን ምሳ ዕቃውን እየዘጋ፥ «በኋላስ ጋሼ፥ ነገሩን ተናገሩ?» ሲል ጠየቀን።

አዎን፥ ተናግረናል። በሳምንቱ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብተን፥ በር ዘግተን ነገርናቸው። ፋይሉ ወጣ፤ የሽማግሌውም ገንዘብ ተመለሰላቸው።

«በስብሰባው ላይ ግን ፋይሉን ያጠፉት እርሳቸው እንዳልሆኑ ተነገረ?»

አልተነገረም አልነው። ልጁ ዝም ብሎ አየን። በዚህ ጊዜ የከሰዓት በኋላው ትምህርት ደወል ተደወለ፤ እጅ ነሥቶን ወደ ክፍሉ ሮጠ። መምህሩ ኋላ እንደ ነገረን፥ ለሚቀጥለው ክርክር ስማቸውን ካስመዘገቡት ተማሪዎች መካከል የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ የተመዘገበውም በደጋፊው ወገን፥ ከተማ ይሻላል ብሎ ሊከራከር ነው።